ስለ አኅጽሮተ ቃልና በድረ ገጽ ላይ ስለ ማመልከቻው ዘዴ፤ በታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ ምሳሌነት

መግቢያ

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ በዓባይ ወንዝ ላይ የተሠራ ነው። የመሠረቱ ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኤሌክትሪክ ማመንጨት ጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ተመረቀ። የዋናው ግድብ ከፍታ 145 ሜትር ሲሆን፣ ከኋላው የተኛው ንጋት ሐይቅ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ፣ የኃይል ማመንጫውም 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ሆኖ ታቅዷል። በእነዚህ ዓመታት ስለዚሁ ግድብ በአማርኛ የተጻፈው ዜና፣ መግለጫና ጥናት እጅግ ብዙ ነው፤ አብዛኛውም ዛሬ የሚነበበው በድረ ገጽ ነው።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የግድቡን ምሕንድስና ወይም የውሃውን ድርድር አይደለም። የምንመለከተው፣ ስለ ግድቡ በሚጻፉት ገጾች ላይ በየመስመሩ የሚያጋጥመንን፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ልብ የማንለውን አኅጽሮተ ቃል ነው። ይኸውም ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ.፣ ሚ/ር፣ ጽ/ቤት፣ ኪ.ሜ. እያልን የምንጽፈው ነው።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን አንድ ትንሽ ነገር ነበረ። ዓይነ ስውር የሆነ አንድ የክፍል ጓደኛችን ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ መሣሪያ ስለ ግድቡ የተጻፈ አንድ ገጽ ሲያዳምጥ አብረነው ተቀምጠን ነበር። መሣሪያው «ሚ/ር» የሚለው ላይ ሲደርስ ሁለቱን ፊደላት ነጥሎ ጠርቶ አለፈ። ጓደኛችንም፣ «እናንተ ታያላችሁና ንገሩኝ፤ መግለጫውን የሰጡት ሚኒስትሩ ናቸው ወይስ መሥሪያ ቤቱ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ገጹን አየነው፤ ደግመንም አነበብነው። እኛም ልንመልስለት አልቻልንም። ስለዚህ ጉዳዩ የዓይን አለመኖር ብቻ ሳይሆን የጽሑፉ ጉድለት መሆኑን ተረዳን።

አኅጽሮት በአማርኛ እንዴት ይሠራል?

ቃልን ማሳጠር በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በድጓ መጻሕፍት ከንባቡ በላይ በቀጭን ብዕር የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች አብዛኞቹ አኅጽሮት ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት ሊቃውንቱ ከሚያውቁት ቃል ላይ የተወሰደ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ነው፤ ትውፊቱም ሥራውን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ለነበሩት ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል ይሰጣል። ፊደሉን የሚያየው መሪጌታ ሙሉውን ዜማ ያስታውሳል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ብዙ ዓመት ተቀምጦ ስላጠና ነው። ላልተማረው ሰው ያው ምልክት ምንም አይናገርም። የአኅጽሮት ጠባይ ሁሉ በዚህ ምሳሌ ውስጥ አለ፤ ጸሐፊውና አንባቢው ሙሉውን ቃል አስቀድመው በጋራ ሲያውቁት ይጠቅማል፤ አንባቢው ካላወቀው ግን ይዘጋበታል።

ዛሬ በአማርኛ የምንሠራባቸው መንገዶች በአራት ሊከፈሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በነጥብ የሚለየው ነው፤ ዓ.ም. (ዓመተ ምሕረት)፣ ኪ.ሜ. (ኪሎ ሜትር)፣ አ.ማ. (አክሲዮን ማኅበር) የሚሉት ከዚህ ይመደባሉ።

ሁለተኛው በእዝባር የሚከፈለው ነው። ይህም በራሱ ሁለት ዓይነት ነው። በአንዱ የቃሉ መነሻና መድረሻ ይቀራል፤ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ መ/ር እንደምንለው ነው። በሌላው ከመጀመሪያው ቃል አንድ ፊደል ተወስዶ ተከታዩ ቃል ሳይነካ ይቀመጣል፤ ት/ቤት፣ ጽ/ቤት፣ ፍ/ቤት፣ ገ/ማርያም እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛው ያለ ምንም ምልክት የየቃሉ መነሻ ፊደል ተገጣጥሞ እንደ አንድ ቃል የሚነበበው ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን «ኢሰመኮ»፣ የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት «አብክመ» ይባላል። ፊደላችን እያንዳንዱ ከነአናባቢው የሚነገር ስለ ሆነ እንዲህ ያለው ስም በቀላሉ ለአፍ ይመቻል፤ በአገራችን የፖለቲካ ድርጅቶች ዘንድ የተስፋፋውም ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

አራተኛው ከውጭ ቋንቋ ተሳጥሮ የመጣውን እንዳለ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ነው። ዩኔስኮ እንደ ቃል ይነበባል። ሌሎቹ ግን በፊደላቸው ስም ይጠራሉ፤ እዚህ ላይ አኅጽሮቱ ዓላማውን ይስታል። የድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ ስም በእንግሊዝኛ 4 ፊደል ብቻ ሲሆን፣ በእኛ ፊደል «ኤችቲኤምኤል» ሲባል 7 ይሆናል። ያሳጠርነው መስሎን አስረዝመነዋል ማለት ነው።

አኅጽሮት አንባቢን የሚያስትበት ስፍራ

አንደኛ፤ አንድ አኅጽሮት ለሁለት ቃል ሲሆን ነው። የእዝባሩ ዘዴ መድረሻውን ፊደል የሚጠብቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሻምበልና ሻለቃ ሁለቱም በ«ሻ» ስለሚጀምሩ፣ ሻ/ል እና ሻ/ቃ ተብለው በመድረሻቸው ይለያሉ። ሚኒስትርና ሚኒስቴር ግን መነሻቸውም መድረሻቸውም አንድ ስለ ሆነ ዘዴው አይረዳቸውም፤ ሰውየውም መሥሪያ ቤቱም «ሚ/ር» ይሆናሉ። እንዲሁም «ወ/ማርያም» ተብሎ ሲጻፍ ወልደ ማርያም ይሁን ወለተ ማርያም፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ከፊደሉ አይታወቅም። በስም ዝርዝር ላይ ይህ ቀላል ስሕተት አይደለም።

ሁለተኛ፤ ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል የለውም። እንግሊዝኛ አኅጽሮቱን በትልልቅ ፊደላት ስለሚጽፈው አንባቢው ቢያንስ አኅጽሮት መሆኑን ያውቃል። በአማርኛ ግን ያለ ነጥብ የተጻፈው ከሌላው ቃል አይለይም። «አብን» የሚለው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ አኅጽሮት ነው፤ ነገር ግን «አብ» የሚለው ስም ተሳቢ ሲሆንም ያው «አብን» ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ምልክት ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ያስፈልጋል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛ፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. የሚለው «እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር» ከሚለው የመጣ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን «አውሮፓ» ብለን እንጽፋለን፤ «ኤ» የተባለው ፊደል ግን የቀድሞውን አጻጻፍ ይዞ በአኅጽሮቱ ውስጥ ቀርቷል። ሙሉውን ቃል የማያውቅ ተማሪ «ኤ» ከየት እንደ መጣ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። አንዳንድ ጸሐፊዎች ደግሞ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማለት እ.ኢ.አ. ይጽፋሉ። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ፊደል ሣልስና ኃምስ መሆን ብቻ ነው፤ ያች ትንሽ ልዩነት ግን 7 ወይም 8 ዓመት ትለያያለች። የግድቡ መሠረት በእኛ በ2003፣ በአውሮፓ ደግሞ በ2011 ተጣለ። «2003 እ.ኤ.አ.» ብሎ በስሕተት የጻፈ ሰው፣ ግድቡ ገና ባልታወጀበት ዓመት መሠረቱን ጥሎታል። በጆሮ የሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ኢንና ኤን ለመለየት የበለጠ ይቸገራል።

የግድቡ ስም ራሱ

የግድቡ ስም ታሪክ ለጉዳያችን ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ሥራው በይፋ ከመገለጡ በፊት «ፕሮጀክት ኤክስ» ይባል ነበር። ይህ የሚደበቅን ነገር ለመደበቅ ታስቦ የተመረጠ አንድ ፊደል ነው። ቀጥሎ «ሚሌኒየም ግድብ» ተባለ፤ በዚያው በ2003 ዓ.ም. «ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ» የሚለውን ስም አገኘ።

በእንግሊዝኛ ስሙ በአራቱ መነሻ ፊደላት «ጂኢአርዲ» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱም እንደ ቃል «ገርድ» ብሎ ያነበዋል። እነዚሁ አራት ፊደላት በሕክምና ቋንቋ የጨጓራ አሲድ ወደ ጉሮሮ የሚመለስበት ሕመም ስም ናቸው። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስለ ግድቡ የሚፈልግ ሰው የሕክምና ገጽ፣ ስለ ሕመሙ የሚፈልገውም የግድቡ ወሬ ያጋጥመዋል።

በአማርኛ በተመሳሳይ መንገድ እናሳጥር ብንል ሌላ ችግር ይመጣል። «ህዳሴ» የሚለው ቃል ከግዕዙ «ሐደሰ» የወጣ ስለ ሆነ በሥርወ ቃሉ ሲጻፍ «ሕዳሴ» ነው፤ በሐመሩ ሐ ማለት ነው። በተለመደው የግድቡ ስም ግን በሃሌታው ሀ «ህዳሴ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም አጻጻፎች በድረ ገጾች ላይ ይገኛሉ። በሙሉው ቃል ላይ አንባቢው ልዩነቱን ችሎ ያልፈዋል። በአኅጽሮት ግን አንዱ «ታኢህግ»፣ ሌላው «ታኢሕግ» ቢል፣ ሁለት ነገሮች ይመስላሉ። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ስለ ሰጠ፣ ፊደል ለፊደል ብቻ የሚያመሳስል ፍለጋ አንዱን ሲያገኝ ሌላውን ይስተዋል።

የአማርኛ ተናጋሪ ግን ይህን ሁሉ ሳይቸገር መፍትሔ አግኝቶለታል። ሙሉውን ስም አንድ ጊዜ ከጠራ በኋላ «ህዳሴ ግድብ»፣ አለዚያም «ግድቡ» ብሎ ይቀጥላል። ይህም ማሳጠር ነው፤ ነገር ግን የተረፈው ቃል ትርጉም ያለው ስለ ሆነ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በድረ ገጽ ላይ ያለው ዘዴ

ድረ ገጽ የሚጻፈው በኤችቲኤምኤል ምልክቶች ነው። ጸሐፊው አንዱን ክፍል በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ከብቦ፣ ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው እያለ ለመሣሪያው ይነግረዋል። ለአኅጽሮትም የራሱ ምልክት አለው፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «ኤ፣ ቢ፣ ቢ፣ አር» በሚሉት አራት ፊደላት ይጻፋል። በመክፈቻው ውስጥ «ታይትል» የሚባል ቦታ አለ፤ ሙሉው ቃል የሚቀመጠው በዚያ ነው። ለምሳሌ «ሚ/ር» የሚለውን ከብበን በታይትሉ ውስጥ «ሚኒስቴር» ብንጽፍ፣ አንባቢው የሚያየው ሚ/ር ሆኖ ይቀራል። ብዙዎቹ ብራውዘሮች ከሥሩ የነጥብ መስመር ያሰምሩበታል፤ የኮምፒውተሩ ማውስ ሲያርፍበትም ሙሉው ቃል ብቅ ይላል።

እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው አራተኛው የኤችቲኤምኤል ደንብ ሁለት ምልክቶች ነበሩት። አንዱ ለማናቸውም አኅጽሮት፣ ሌላው እንደ ቃል ለሚነበበው ብቻ ነበረ። ነገር ግን የትኛው ለየትኛው እንደ ሆነ ጸሐፊዎች ሊስማሙ ስላልቻሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የጸናው አምስተኛው ደንብ ሁለተኛውን ሽሮ አንዱን ብቻ አስቀረ። ለእኛ ይህ መልካም ሆነ። ከላይ እንደ ተናገርነው በአማርኛ የመነሻ ፊደላት ስብስብ ሁሉ እንደ ቃል ሊነበብ ስለሚችል፣ ልዩነቱ ለቋንቋችን የሚስማማ አልነበረም።

የድረ ገጽን ተደራሽነት የሚመለከተው ዓለም አቀፍ መመሪያም ከታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የአኅጽሮት ሙሉ ቃል የሚገኝበት መንገድ እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን ግን ያስቀመጠው በሦስተኛውና በከፍተኛው ደረጃ ስለ ሆነ፣ ዝቅተኛውን ደረጃ ለማሟላት ብቻ የሚሠሩ ድርጅቶች ሊያልፉት ይችላሉ።

ምልክቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ማውስ የሌለው የእጅ ስልክ ታይትሉን አያሳይም፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ ብዙው አንባቢ ድረ ገጽን የሚያየው በስልክ ነው። ገጹ በወረቀት ሲታተም ታይትሉ ይጠፋል። በድምፅ ከሚያነቡት መሣሪያዎችም ተጠቃሚው ካላዘዛቸው በቀር ታይትሉን የማያነቡት አሉ። እንግዲህ ማብራሪያውን በታይትል ውስጥ ብቻ የሸሸገ ጸሐፊ፣ ይልቁንም በጣም የሚያስፈልጋቸውን አንባቢዎች ሳያገኛቸው ይቀራል።

ለአማርኛ የሚስማማ አሠራር

ከዚህ በላይ ያልነውን መሠረት አድርገን፣ ለተማሪ ጓደኞቻችንና ገጽ ለሚያዘጋጁ ሁሉ የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. አኅጽሮቱ መጀመሪያ በሚመጣበት ስፍራ ሙሉው ቃል በራሱ በጽሑፉ ውስጥ ይጻፍ፤ አኅጽሮቱ በቅንፍ ይከተል። ምልክቱና ታይትሉ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ረዳቶች ናቸው እንጂ ምትክ አይደሉም።

2. በገጹ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚመጣ ቃል አይጠር። ጥቂት ፊደላት ለማትረፍ አንባቢን ማቆም አይገባም።

3. መስተዋድድ ከምልክቱ ውጭ ይቀመጥ። አማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ» የሚሉትን ከቃሉ ጋር ስለሚያጣብቅ፣ «የኢሰመኮ» ሲባል መክፈቻው ከ«የ» በኋላ ይግባ። «ኢሰመኮን» ሲባልም መዝጊያው ከ«ን» በፊት ይምጣ። አለዚያ መሣሪያው ሙሉውን ቃል ሲያነብ መስተዋድዱ ይጠፋል፤ የዐረፍተ ነገሩም ትርጉም ይናጋል።

4. ቅጥያው ከመጨረሻው ፊደል ጋር ከተዋሐደ ግን ሁሉም በምልክቱ ውስጥ ይግባ። «ፍ/ቤቱ» በሚለው ውስጥ «ቱ» አንድ ፊደል ስለ ሆነ ለሁለት ሊቈረጥ አይችልም። ስለዚህ ሁሉን ከብበን በታይትሉ «ፍርድ ቤቱ» ብለን እንጽፋለን። በእንግሊዝኛ የተጻፉት መመሪያዎች ይህን አይነግሩንም፤ ቋንቋቸው አያስፈልጋቸውምና።

5. አንድ አኅጽሮት በአንድ ገጽ ውስጥ አንድ አጻጻፍ ብቻ ይኑረው። «ሜ.ዋ.» ያለ ሰው ወደ ታች «ሜ/ዋ» አይበል። በ«ህ» የጀመረም በ«ሕ» አይጨርስ።

6. ሚ/ር እና ወ/ማርያም የመሳሰሉት አሻሚዎች ጨርሶ ባይጻፉ ይሻላል። ዓመተ ምሕረትም አሻሚ በሚሆንበት ስፍራ ሁለቱ አቆጣጠሮች ጎን ለጎን ይሰጡ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢዎች ይህ ሁሉ ቦታ ይፈጃል፣ የስልክ ገጽም ጠባብ ነው ይሉን ይሆናል። እውነት ነው። እኛም አኅጽሮት ይቅር አንልም፤ ኪሎ ሜትርን ሃያ ጊዜ በሙሉው መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። የምንለው፣ ጸሐፊው ቦታ ሲያተርፍ የማን ጊዜ እንደሚጠፋ ያስብ ነው።

መደምደሚያ

ይህን ሐሳብ ከግድቡ ጋር ያያያዝነው ምሳሌ ስለ በዛልን ብቻ አይደለም። ዓባይ የቤኒሻንጉል ጉሙዝን ክልል እያቋረጠ ይወርዳል፤ መተከል በሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በደቡብ ይቀራሉ። በክልሉ በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ የየራሳቸው ቋንቋ አላቸው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ከተኛበት አገር የሚኖረው ሰው ስለ ውሃው፣ ስለ መሬቱና ስለ መብራቱ የሚነገረውን ብዙውን ጊዜ የሚያነበው በሁለተኛ ቋንቋው ነው። «የፕሮጀክቱ ማ/ጽ/ቤት ከሚ/ሩ ጋር» ተብሎ የተጻፈ ማስታወቂያ በአዲስ አበባ ቢሮ ላደገ ሰው እንኳ የሚያቆም ከሆነ፣ ለእርሱ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

በግዕዝ «ኀጸረ» ማለት አጭር ሆነ ማለት ነው፤ «ሐጸረ» ደግሞ በአጥር ከበበ ማለት ነው። አኅጽሮት የወጣው ከመጀመሪያው ነው። በአማርኛ ግን ሁለቱም ግሦች አንድ ሆነው «አጠረ» ተብለዋል። ጸሐፊው ቃሉን አሳጠርሁ ሲል በአንባቢው ላይ አጥር እንዳያጥር፣ ሙሉውን ቃል አንድ ጊዜ በግልጽ ይጻፍለት። ያ የክፍል ጓደኛችን የጠየቀን ጥያቄም በዚያች አንዲት ቃል ይመለስ ነበር።